የዘይት ግፊት ሲወርድ፦ ሞተሩን ከመፍታት በፊት

ትራክተር ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሁሉ የሚፈራው አንድ ቀን አለ። ይኸውም ዝናቡ ጥሩ ሆኖ፣ መሬቱ ለዘር ደርሶ፣ ዘሩና ማዳበሪያው ማሳው ዳር ተደርድሮ ሳለ ትራክተሩ የሚቆምበት ቀን ነው። እኛ በሙያችን የሰብል ሰዎች እንጂ መካኒኮች አይደለንም። ሆኖም ስለ ስንዴ የመዝሪያ ጊዜ ለማስረዳት ገጠር በወጣን ቁጥር ወሬው ወደ ትራክተሩ ብልሽት እየዞረ ስላስቸገረን፣ የእርሻ መሣሪያ ባልደረቦቻችንን እየጠየቅንና አብረናቸው እየሠራን የተማርነውን ለልማት ሠራተኞችና ለማኅበራት ለማቅረብ አስበናል። ጉዳዩ አንድ ብቻ ነው፤ የሞተር ዘይት ግፊት መውረድ።

ሞተር እንዴት እንደሚታደስ እዚህ አንጽፍም። ያ የጋራዥ ሥራ ነው። የምንጽፈው መብራቱ ከበራበት ደቂቃ አንሥቶ መካኒክ እስኪደርስ ድረስ ማሳው ላይ ያሉ ሰዎች ምን ማድረግ እንዳለባቸውና ከምን መቆጠብ እንዳለባቸው ነው። አያሌ ሞተሮች የሚሞቱት በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ነውና።

በአንድ ማኅበር ያየነው

በአርሲ ደጋ በሚገኝ አንድ ማኅበር ዘንድ የሰኔ መጨረሻ ላይ ነበርን። ትራክተሩ ማሳ እያለሰለሰ ሳለ ነጂው ዳር ደርሶ ሲዞርና ጋዙን ሲቀንስ የዘይት መብራቷ ብልጭ ትላለች፤ ጋዝ ሲሰጥ ትጠፋለች። ልጁ ወርዶ ለሊቀ መንበሩ፣ «ጋሼ፣ ይቺ መብራት ዛሬም አልተወችኝም» አላቸው። ሊቀ መንበሩም ሰማይ ሰማዩን እያዩ፣ «አምና እንደዚሁ ብላን ሴንሰሯ ነው ተብሎ ተለውጦ አልነበረም? ይልቅ ዝናቡ ሳይደርስብን ይህቺን ማሳ ጨርሳት» ብለው መለሱ። እውነት ነው፣ አምና የተበላሸው ሴንሰሩ ነበር። እኛም በሥፍራው ነበርን፤ ስለ መብራቷ ግን አንዳች ነገር አልተናገርንም። የመጣነው ስለ ዘር አልጋው ነበርና።

ማሳው አላለቀም። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶም ተነከሰ። የቀረው መሬት በበሬ ታርሶ ዘግይቶ ተዘራ። ትራክተሩ እንደገና የተነሣው ጥቅምት ላይ ነው።

ሞተሩ ሲፈታ የተገኘው ነገር ይበልጥ የሚያሳዝን ነበር። የናፍታ ማንሻ ፓምፑ ዲያፍራም፣ ከአንድ ጎማ መሰል ቁራጭ የማትበልጥ ነገር፣ ተሰንጥቃ ናፍታው ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ዘይት ይገባ ነበር። ዘይቱም ቀጥኖ እንደ ውኃ ሆኗል። የትራክተሩ ዘበኛ ይህንን ከሁሉም ቀድሞ አይቶት ነበር። በየጧቱ የዘይት መለኪያ ዘንጉን የሚስበው እርሱ ስለነበረ፣ «ዘይቱ እኮ እየጨመረ ነው» ብሎ ለሁለት ሳምንት ያህል ተናግሯል። ሰዎቹ ግን ዘይት የማይበላ ሞተር ገጠመን ብለው ደስ ብሏቸው ኖሯል። የሞተር ዘይት በራሱ አይጨምርም። ከጨመረ ሌላ ነገር ገብቶበታል፤ ወይ ናፍታ ነው፣ ወይ ውኃ ነው።

ግፊት ከምን ይመጣል?

ብዙ ሰው የዘይት ግፊትን የሚፈጥረው ፓምፑ ብቻ ይመስለዋል። የፓምፑ ሥራ ዘይት መግፋት ነው። ግፊቱ የሚፈጠረው የተገፋው ዘይት በጠባብ መንገድ ለማለፍ ሲታገል ነው። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ጫፉን በአውራ ጣት ሲይዙት ውኃው በኃይል ይወረወራል፣ ሲለቁት ይልፈሰፈሳል፤ የቧንቧው ውኃ ግን ያው ነው። በሞተር ውስጥ እንደ አውራ ጣቱ የሚያገለግለው በክራንክ ሻፍቱና በቤሪንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ይህ ክፍተት በደህና ሞተር የሰው ፀጉር ቢያስገባ ነው። ቤሪንጉ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ስፋቱ እጥፍ ቢሆን፣ ግፊቱና የዘይቱ ውፍረት እንዳሉ ከቆዩ፣ የሚያመልጠው ዘይት እጥፍ ሳይሆን ወደ 8 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ለዚህ ነው ለዓመታት ደህና የነበረ ሞተር መጨረሻው ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግፊቱ የሚወርደው።

እንግዲህ ግፊት የሚወርደው ከአራት መንገዶች በአንዱ ነው። ወደ ፓምፑ የሚደርሰው ዘይት ሲያንስ፤ ዘይቱ ራሱ ሲቀጥን፤ በግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ ወይም በሌላ ቀዳዳ ከመንገድ ሲያመልጥ፤ ወይም ቤሪንጎቹ ሲበሉና ፓምፑ ሲደክም። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አብዛኛውን ጊዜ ሞተር ሳይፈታ ማወቅና በጥቂት ወጪ ማዳን ይቻላል። ማኅበራት ግን መብራት ሲበራ ወይ «ሴንሰር ነው» ብለው ይነዳሉ፣ ወይ ደግሞ «ሞተሩ አለቀ» ብለው ሙሉ እድሳት ያዝዛሉ። ሁለቱም ሳይለኩ የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው።

መብራቱ ሲበራ

ወዲያው ሞተሩን ማጥፋት ነው። የጀመሩትን መስመር መጨረስ፣ ትራክተሩን ወደ ጥላ ማውጣት፣ ወደ መንገድ ዳር መንዳት አይገባም። የዘይት መብራት ከውኃ ሙቀት ጌጅ የተለየ ጠባይ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። የሙቀት ጌጅ ቀስ ብሎ እየወጣ ያስጠነቅቃል፤ የዘይት መብራት ግን የሚበራው ግፊቱ ለሥራ ከሚያስፈልገው እጅግ በታች ከወረደ በኋላ ነው። ዘግይቶ የሚናገር ምስክር በመሆኑ ከተናገረ በኋላ የሚሰጠው ጊዜ የለም።

ትራክተሩ ደልዳላ ሥፍራ ላይ ከሆነ 15 ደቂቃ ያህል ጠብቆ የዘይት መለኪያ ዘንጉን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ መልሶ ማየት ነው። ተዳፋት ላይ ከቆመ ዘንጉ ሐሰት ይናገራል። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ፣ ሞልቶ እንደገና ከመሞከር በፊት በየት እንደሄደ መፈለግ ይገባል፤ ከማፍሰሻው ብሎን፣ ከፊልትሮው መቀመጫ፣ ከክራንክ ሻፍቱ የኋላ ሲል፣ ወይም በጭስ ማውጫው በሰማያዊ ጭስ። ከላይኛው ምልክት በላይ ከሆነ ደግሞ የዘበኛውን ነገር ያስታውሷል። አለልክ የተሞላ ዘይትም ቢሆን ክራንክ ሻፍቱ እየመታው አረፋ ስለሚያደርገው ግፊት ያወርዳል፤ አረፋ አይገፋምና።

ዘንጉ ላይ ያለውን ዘይት በሁለት ጣት አሽቶ ማሽተት ጥሩ ልማድ ነው። የናፍታ ሽታ ካለውና በጣት መካከል ሳይለጠጥ እንደ ውኃ ከተንሸራተተ ናፍታ ገብቶበታል። አንድ ጠብታ ዘይት ጋዜጣ ላይ ጠብ አድርጎ አጠገቡ የአዲሱን ዘይት ጠብታ ማስቀመጥም ይረዳል፤ ናፍታ የገባበት ፈጥኖና ሰፍቶ ይሰርጋል። መልኩ የወተት ቡና ከመሰለ ውኃ ነው። ለውኃ ሌላም መፈተኛ አለ። ትራክተሩ ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ጧት ሞተሩ ሳይነሣ የማፍሰሻውን ብሎን ሳይነቅሉ በጥቂቱ ማላላት ነው፤ ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነው። ናፍታ ወይም ውኃ ከተገኘ ዘይቱን መለወጥ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። መግቢያው ሳይዘጋ የሚፈስ አዲስ ዘይት የባከነ ነው።

ሴንሰሩን ወይስ ሞተሩን እንመን?

ዘይቱ በልኩ ከሆነና ደህና ከመሰለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው። መብራቱን በሚመለከት በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን ማየት ይቻላል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ መብራቱ መብራት አለበት፤ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተቆርጧል ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራን እንዲህ ያለው ትራክተር ነው፤ ዝም ማለቱ ደህንነት ይመስላልና። ቁልፉ እንደተከፈተ የሴንሰሩን ሽቦ ሲነቅሉት መብራቱ ከጠፋ ሽቦው ደህና ነው፤ ሳይጠፋ ከቀረ ሽቦው አንድ ቦታ ተልጦ ከትራክተሩ አካል ጋር ተነካክቷል። በሌላ ማኅበር ለእድሳት ሊጫን የነበረ ትራክተር የተገኘበት ችግር ይኸው ነበር፤ ሽቦው በንዝረት ብዛት ከቴስታታው ጠርዝ ጋር ተፋግቶ መዳቡ ወጥቷል።

ሆኖም ሽቦው ደህና መሆኑ ሴንሰሩ ይዋሽ ወይም እውነት ይናገር አያሳይም። ይህንን የሚያሳየው የእጅ ግፊት ጌጅ ብቻ ነው። ሴንሰሩን ፈትቶ በቦታው ጌጁን ከነቱቦው ማሠር ነው። ጥርሱ የተለያየ ዓይነት ስለሚሆን በእጅ ገብቶ ካልተስማማ በቁልፍ ማስገደድ የሞተሩን ብሎክ ያበላሻል፤ አስማሚውን ከመለዋወጫ መደብር መግዛት ይሻላል። አንድ ጌጅ ከአስማሚዎቹ ጋር ለበርካታ ማኅበራት ስለሚበቃ በዩኒየን ደረጃ ተገዝቶ ቢቀመጥ መልካም ነው። በእኛ አስተያየት ከመለዋወጫ ፊልትሮ ቀጥሎ ሊገዛ የሚገባው ዕቃ ይህ ነው።

ጌጁ ከታሠረ በኋላ ሞተሩን ከማስነሣት በፊት ማቆሚያውን ስቦ፣ ናፍታ እንዳይደርሰው አድርጎ፣ በሞተሪኖ ከ10 እስከ 15 ሰኮንድ ያህል ማዞር ነው። መርፌው ከተንቀሳቀሰ ዘይት እየመጣ ነው። ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ሞተሪኖውን አሳርፎ አንድ ሁለት ጊዜ መድገም ነው፤ አሁንም ዜሮ ከሆነ ሞተሩን ማስነሣት ክልክል ነው። መርፌው ከተንቀሳቀሰ ግን ሞተሩ ተነሥቶ አራት ንባቦች ይመዘገባሉ፤ ቀዝቃዛ ሳለ በዝቅተኛ ዙርና በሙሉ ዙር፣ እንደዚሁም 20 ወይም 30 ደቂቃ ሠርቶ ውኃው እስከ 80 ወይም 90 ዲግሪ ከሞቀ በኋላ በዝቅተኛ ዙርና በሙሉ ዙር። በማንኛውም ጊዜ መርፌው ወደ ዜሮ ከቀረበ ማጥፋት ነው። ለትክክለኛው ልክ የየትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ ቀዳሚ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ በናዝሬት (አዳማ) ፋብሪካ እየተገጣጠሙ በየገጠሩ የተሠራጩት ቤላሩስ ትራክተሮች ዴ-240 ሞተር በሞቀና በሙሉ ዙር ሲሠራ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎግራም ግፊት ሊኖረው ይገባል፤ በዝቅተኛ ዙር ከ0.8 መውረድ የለበትም። በብዙ ማሴይ ፈርጉሰን ትራክተሮች ላይ የሚገኘው ባለ 4 ሲሊንደር ፐርኪንስ 4.236 ደግሞ በሞቀና በሙሉ ዙር ከ30 ፒ.ኤስ.አይ. በታች መሆን አይገባውም። ጌጆች በተለያየ መለኪያ ስለሚጻፉ፣ 1 ባር ከ14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ጋር እኩል መሆኑንና በካሬ ሴንቲሜትር 1 ኪሎግራም ከ1 ባር እምብዛም እንደማይለይ ልብ ይሏል።

ንባቡን ማንበብ

አራቱም ንባቦች ደህና ከሆኑ ሞተሩ ደህና ነው፤ ሴንሰሩ ይለወጥ።

ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ሆኖ ሲሞቅ በዝቅተኛ ዙር የሚወርድ፣ ጋዝ ሲሰጥ ግን ጥቂት የሚነሣ ከሆነ ዘይቱ ቀጥኗል ወይም ቤሪንጎቹ ተበልተዋል። ሁለቱን ለመለየት ርካሹን ማስቀደም ነው። ናፍታ አለመግባቱን አረጋግጦ፣ ዘይቱንና ፊልትሮውን መመሪያው በሚያዘው ዓይነት ለውጦ እንደገና መለካት። ግፊቱ ከተመለሰ ጥፋቱ የዘይቱ ነበር። ካልተመለሰ ወደ ቤሪንግ መሄድ ነው። እዚህ ላይ ስለ አንድ መጥፎ ልማድ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ግፊት ሲወርድ ከታዘዘው ይልቅ ወፍራም ዘይት መሙላት ወይም የግፊት መቆጣጠሪያውን ቫልቭ ስፕሪንግ በሮንዴላ ማጥበቅ ብዙ ቦታ ይታያል። ጌጁ በእርግጥ ይነሣል፣ መብራቱም ይጠፋል። ነገር ግን ወፍራሙ ዘይት በደጋው ብርድ ጧት ሞተሩ ሲነሣ ወደ ሩቆቹ ቤሪንጎች ለመድረስ ይዘገያል፤ የጠበቀ ስፕሪንግም የተበላ ቤሪንግ አይሞላም። ምስክሩን አፉን አስይዞ ፍርድ መስጠት እንደማለት ነው።

ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም፣ በዝቅተኛም በሙሉ ዙርም ዝቅ ያለ ከሆነ፣ በተለይም በአንድ ቀን በድንገት የወረደ ከሆነ፣ ቤሪንግ ከመጠርጠር በፊት የግፊት መቆጣጠሪያውን ቫልቭ መመልከት ነው። ስፕሪንጉ ተሰብሮ ወይም ቆሻሻ ከመቀመጫው ላይ ተነክሶ ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ብዙ ጊዜ ከውጭ ስለሚፈታ በንጹሕ ናፍታ አጥቦ፣ እንደነበረ መመለስ በቂ ነው። ስንት ዙር እንደተፈታ መቁጠርና ሮንዴላዎቹን አለማደባለቅ ያስፈልጋል።

ዙሩ ሲጨምር በመነሣት ፈንታ የሚወርድ ወይም መርፌው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፓምፑ ዘይት አላገኘም። ኮፓው ውስጥ ያለችው ወንፊት በዝቃጭ ወይም በጨርቅ ፍርፋሪ ተደፍናለች፣ ወይም የመምጠጫው ቱቦ አየር ይስባል። ተዳፋት ሲወጣ ብቻ የሚወርድ ከሆነም የዘይቱን መጠን ደግሞ ማየት ነው።

ዘይት በተለወጠ ማግሥት የመጣ ብልሽት ከሆነ ደግሞ የለወጠውን ሰው መጠየቅ ይቀድማል። የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ላይ ታሥሮ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ጎማ ተደራርቦ ሞተሩ እንደተነሣ ዘይቱን ይተፋል። ቤላሩስ ላይ በወረቀት ፊልትሮ ፈንታ እየተሽከረከረ ቆሻሻውን ከግድግዳው ላይ የሚለጥፍ ማጣሪያ አለ። ደህና ከሆነ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ እምም እያለ ሲዞር በጆሮ ይሰማል። ድምፁ ከጠፋ ወይም ወዲያው ካቆመ ተፈትቶ የተጋገረው ጥቁር ዝቃጭ በእንጨት ተፍቆ ይጽዳ፤ ጎማው በትክክል ካልተቀመጠም ዘይቱ በዚያ ያመልጣል። በነገራችን ላይ የተደፈነ የወረቀት ፊልትሮ ሁልጊዜ ግፊት አያወርድም። ሲደፈን ማለፊያ ቫልቭ ስለሚከፈት ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል፤ ጌጁ ደህና ይላል፣ ቤሪንጉ ግን አሸዋ ይበላል።

ቤሪንግ ሲጠረጠር

ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቤሪንግ ይሆናል፤ በተለይም ለብዙ ሺህ ሰዓት ሠርቶ የበጋ አቧራ የበላ ሞተር ላይ። እዚህም ቢሆን ኮፓውን ከማውረድ በፊት ማስረጃ ማግኘት ይቻላል። የፈሰሰውን ዘይት በንጹሕ ትሪ ላይ በፀሐይ መመልከት፣ አሮጌውን የወረቀት ፊልትሮ በመጋዝ ሳይሆን በቢላዋ ቀዶ ወረቀቱን መዘርጋት ነው (መጋዝ የራሱን ብረት ይጨምርበታል)። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ማግኔት ያስጠጉት። ማግኔቱ ከሳበው ብረት ነው፤ ከጥርስ፣ ከሲሊንደር ወይም ከፒስተን ቀለበት የመጣ ሊሆን ይችላል። ማግኔት የማይስበው ብርማ ወይም መዳብ የመሰለ ብናኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤሪንግ ነው። መዳቡ ከታየ የላይኛው ለስላሳ ሽፋን አልቋል ማለት ነው፤ ያ ሞተር አንድም ቀን መሥራት የለበትም። እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ጊዜ ክራንክ ሻፍቱ ገና አልተጎዳምና ቤሪንጎቹን ብቻ በመለወጥ ሊተርፍ ይችላል። አንድ ሳምንት ቢጨመርበት ሻፍቱ ወደ መሞረጃ ይሄዳል፣ ወይም እንዳየነው ሞተር ይነከሳል።

ወደ ጋራዥ ሲኬድ ከትራክተሩ ጋር አብሮ መሄድ ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሞተሩ የሠራው ሰዓት፣ ዘይቱ መቼና በምን ዓይነት እንደተለወጠ፣ አራቱ የጌጅ ንባቦች፣ ዘይቱ በሽታና በመልክ ምን እንደሚመስል፣ ብናኝ ተገኝቶ እንደሆነ ይጻፍበት፤ ብናኙም በትንሽ ብልቃጥ ይላክ። ከአርሲው ማኅበር ጋር ይህንን የጀመርነው ሞተሩ ታድሶ በተመለሰ ጊዜ ነው። አሁን ዘበኛው በየጧቱ የዘይቱን መጠን በአንድ ደብተር ይጽፋል፤ ነጂው ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ጌጅ አሥሮ ትኩሱን ንባብ ከጎኑ ያሰፍራል። ባለፈው ስንሄድ ደብተሩ ከትራክተሩ መቀመጫ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጦ አገኘነው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት በተጻፈ ገጽ ላይም በዘበኛው እጅ «ዘይት በጣት ግማሽ ጨምሯል፣ ሥራ ይቁም» ይላል። የማንሻ ፓምፑ ዲያፍራም እንደገና ተሰንጥቆ ኖሮ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት ተለውጧል።